እርማቱ በዚያው ገጽ ይወጣል

ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው የዛሬ ስልሳ አራት ዓመት ተወለዱ። ገና አፍ ከመፍታታቸው «ማን አየ?» ሳይሉ ወሬ የማይቀበሉ ልጅ እንደነበሩ እናታቸው እየሳቁ ይናገሩ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቁ በአንዲት ሳምንታዊ ጋዜጣ በታይፒስትነት ተቀጥረው፣ ከታይፒስትነት ወደ ሪፖርተርነት፣ ከዚያም ወደ ዋና አዘጋጅነት አደጉ። ጋዜጣዋ በምትታተምበት ማተሚያ ቤት ከማሽን ባለሙያው ባለቤታቸው ጋር ተዋውቀው ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ጋዜጣቸው ስትሳሳት፣ እርማቱ ስሕተቱ በወጣበት ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን፣ የተሳሳተው ሰው ማንነት ተጠቅሶ እንዲወጣ ደንብ አድርገው ነበር። አንድ ጊዜ በሕይወት ያሉ ጡረተኛ መምህርን «አረፉ» ብለው በማውጣታቸው፣ እርማቱን ከገዛ ስማቸው ጋር በፊት ገጽ አትመው ደጃቸው ድረስ ይዘው ሄዱ፤ መምህሩም ስንት ሰው እንዳለቀሰላቸው ጠይቀው ይቅር አሏቸው። «እትዬ እርማት» የሚለው ቅጽል የወጣላቸው ያኔ ነው።

የከተማው የመጠጥ ውሃ መበከሉን ከላቦራቶሪ ውጤቱ ጋር ባወጡ በሦስተኛው ቀን፣ ከጠረጴዛቸው ተነሥተው ታሰሩ። ልጃቸው ገና አራት ዓመቷ ነበር። ዜናው ሐሰት ነው የሚል እርማት ከፈረሙ ወደ ልጃቸው እንደሚሄዱ ሲነገራቸው፣ ለእርማት እንግዳ እንዳልሆኑ፣ መርማሪው ከከተማው ቧንቧ አንድ ብርጭቆ ቀድተው በፊታቸው ከጠጡ በደስታ እንደሚፈርሙ መለሱ። የሚጠጣ ሰው አልተገኘም። በየወሩ ወረቀቱ ሲቀርብላቸው፣ እርሳቸውም በየወሩ ብርጭቆ ሲጠይቁ፣ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ ልጃቸው ሰባት ዓመት አልፏት ነበርና፣ እንደ እንግዳ ሰው ቀኑን ሙሉ «አንቱ» ስትላቸው ዋለች። ይህ እስከ መጨረሻው ያንገበግባቸው ነበር፤ ሆኖም በማግሥቱ ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ።

በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ከትናንት በስቲያ ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

በእጃችሁ ባለው የታተመ ወረቀት የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ለሦስት ዓመታት በጤና ምክንያት ከሥራ ርቀው ነበር» ይላል። ስሕተት ነው። የጻፈውም ትናንት በስልክ የመጣ ማስፈራሪያ ያርበደበደው፣ አሁን ይህን የሚያነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ እኅታችን ጤነኛ ነበሩ፤ ታስረው ነበር፤ ውሃውም የተበከለ ነበር። በዝቅተኛ ድምፅ እንዳይታለፍ ልጃቸው ስላዘዘች በድጋሚ ይነበባል፦ ታስረው ነበር።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ዛሬ በእናቷ ጠረጴዛ የምትሠራውን ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና ዘግይቶም ቢሆን የታረመውን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን እውነት በማያሳስርበት ስፍራ ያሳርፍልን።