ለኦቦ ኩምሳ፦ ጌጁ ከፊልትሮው በኋላ ነው

እንደምን ዋላችሁ። ለዚህ የጡረታ ሽኝት ለመጣችሁና ለማታውቁኝ የቤተሰብ እንግዶች፣ ፋናዬ እባላለሁ፤ በዚህ በሰበታው የሰርቪስ አውቶቡስ ጋራዥ ከኦቦ ኩምሳ ሥር አሥራ አንድ ዓመት መካኒክ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሳጥሪ ተብያለሁ፤ እሞክራለሁ።

ኦቦ ኩምሳ የመጡበትን ቀን የነገረኝ ዘበኛችን ሞቱማ ነው። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ ሊፈትኗቸው በገዛ መኪናቸው ግቢ ሲገቡ፣ ኦቦ ኩምሳ ሰላምታም ሳይሰጡ ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አስጠጉና "ጌታዬ፣ ይቺ መኪና ተፍኪ አትደርስም" አሏቸው። ሰውዬው ተቆጥተው አባረሯቸው። ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ተፍኪ ሳትደርስ መንገድ ላይ ቆመች። በማግስቱ ተቀጠሩ፤ ሌላ ፈተና አልነበረም።

ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት። ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ሞተሩን ነው፤ "አካም ቡልቴ?" ይሉታል፣ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። ለእኛ የሚደርሰን "አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ የወሰደ ማነው?" ነው። ቁልፉ ሁልጊዜ የራሳቸው ኪስ ውስጥ ይገኛል። አይሳቁ ኦቦ ኩምሳ፣ አሁንም ኮትዎ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።

የናፍጣ ግፊት የሚለኩት ደግሞ በጣታቸው ነበር። ናፍጣውን ከሚያጣራው ፊልትሮ ወደ ፖምፓው የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ይዘው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። "ጠግቧል" ካሉ አውቶቡሱ ይወጣል፤ "ርቦታል" ካሉ ይቆማል። እኔን ይሄ ያናድደኝ ነበር፤ ተምሬ መጥቻለኋ። የግፊት መለኪያ ጌጅ ይገዛ ብዬ ሁለት ዓመት ጨቀጨቅኩ። ተገዛ፤ አራት ቁጥር አውቶቡስ ላይ በገዛ እጄ ገጠምኩት።

የገጠምኩት ከፊልትሮው በፊት ነው። መካኒክ ላልሆናችሁ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ፊልትሮ ሲቆሽሽ ናፍጣው ከፊልትሮው በፊት ይታመቅና ጌጁ ደህና ግፊት ያሳያል፤ ወደ ሞተሩ የሚያልፈው ግን ጥቂት ነው። ይህንን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ፈተናውንም አልፌዋለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ኦቦ ኩምሳ ቱቦውን ያዙና "ፋናዬ፣ ርቦታል" አሉኝ።

"ጌጁ ደህና ነው ይላል።"

"ጌጁ ይበል። አይውጣ።"

"ዘመኑ እኮ የጣት አይደለም" አልኳቸው፣ ሰው እየሰማ። ዞር ሲሉልኝ ሾፌሩን ዱባለን "ውጣ" አልኩት።

አውቶቡሱ ከሱሉልታ ሠራተኛ ጭኖ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ጠፋ። አርባ ሁለት ሰው ነበረበት። ዱባለ ፍሬን ይዞ፣ ተሳፋሪው ጎማ ሥር ድንጋይ አስገብቶ አተረፉት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ባርናባስ ሰብስበውን "ይሄን መኪና ያስወጣው ማነው?" ብለው ጠየቁ። ዱባለ አየኝና አቀረቀረ። ኦቦ ኩምሳ "እኔ ነኝ" አሉ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። እኔም ዝም አልኩ።

ማታ ስንወጣ "ለምን?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "ነገ በጠዋት ነይ፣ አብረን እንፈታዋለን" ብቻ አሉኝ። በማግስቱ እሳቸው ባትሪ እያበሩልኝ ጌጁን ፈትቼ ከፊልትሮው በኋላ ገጠምኩት። ከዚያ ወዲህ እኔ ቱቦውን እይዛለሁ፣ እሳቸው ጌጁን ያነባሉ። ሁለታችን ካልተስማማን አውቶቡስ አይወጣም። እስከ ትናንት እንደዚያው ነበር።

አቶ ባርናባስ፣ ቅድም የአገልግሎት ታሪካቸውን ሲያነቡ "ከአንድ ማስጠንቀቂያ በስተቀር" ብለዋል። ያ ማስጠንቀቂያ የእኔ ነው። ከእሳቸው ፋይል ወጥቶ የእኔ ውስጥ እንዲገባ ማመልከቻ ጽፌ ይዣለሁ፤ ዱባለም ምስክር ሆኖ ፈርሞበታል። የሚያስከትለውን እቀበላለሁ።

ኦቦ ኩምሳ፣ እጅዎን አያወዛውዙብኝ፤ ሦስት ዓመት ዝም ያልኩት ይበቃል። እንጀራዬን ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት። ሥራውንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ይቅር ይበሉኝ፤ በጣም ነው የማመሰግንዎት።

በሉ እንግዲህ፣ ሁላችሁም ብርጭቋችሁን አንሡ። ጤናውን ይስጥዎ፣ ጠዋት ጠዋት እንቅልፍዎን ይጥገቡ፣ ከልጆችዎ ጋር ብዙ ዘመን ይኑሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው አንድም ማስጠንቀቂያ ለሌለባቸው ለኦቦ ኩምሳ።