እጅ ያልነካው ፎቶ

እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ብጨምር ምላሴ ይቆረጥ። ፎቶ አንሺው በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያላቀናው አገጭ የለም። ከሚኒስትር እስከ ሙሽራ ግማሹ ከተማ በጣቶቹ አልፏል፤ የተጣመመ አንገት ገና ከመንገድ ሲያየው ራሱን ያቃናል ይባላል።

አንድ ቀን የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጣች። የፈተና መግቢያ ካርዷ ያለ ፎቶ አይሰጥም፤ ቀኑ ደግሞ የመጨረሻው ነው። እንደ ልማዱ አገጯን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ልጅቷ ከበርጩማው ተነስታ ቦርሳዋን አነሳች። በዚያው ቅጽበት መምህርት የሆነችው የእህቱ ልጅ ሰላም ልትለው ገባች።

"ጋሼ፣ ጠየቋት?"

"ምን ብዬ? አገጭሽን አውሺኝ ልበላት?"

"'ላስተካክልልሽ?' ይበሏት። እንቢ ካለች እጅዎ ኪስዎ ውስጥ ይቀመጣል።"

"አንቺ ልጅ፣ ይህ እጅ በክፉ ነክቶ አያውቅም!"

"ነክቷል የሚል መች ከአፌ ወጣ? ገላው ግን የእሷ ነው። በደግ እጅ ፊት ዝም በይ ብለን ካሳደግናት፣ ክፉው እጅ ሲመጣ እንቢታውን ከየት ታመጣዋለች?"

"ሌሎቹ እኮ ዝም ይላሉ። ዝምታ መስማማት አይደል?"

"ፍርሃትም ዝም ያሰኛል፣ ጋሼ። ዝምታ ወርቅ ነው የተባለው ለወሬኛ እንጂ ለፈራ ልጅ አይደለም። እሺ ያለችም ብትሆን መሃል ላይ ሐሳቧን መለወጥ ትችላለች። ወንዶቹንም የማስተምራቸው ይህንኑ ነው።"

ክርክሩ ሦስት ሰዓት ፈጀ። መንገደኛው ቆመ፣ ታክሲው ቆመ፣ ሁለት መቶ ሰው በመስኮቱ ተንጠለጠለ። በመጨረሻ ፎቶ አንሺው አንገቱን ደፋ፤ ለካስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፊቶች ሁሉ ፎቶ ላይ የሚደርቁበት ከእጁ የተነሳ ነው! ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና፣

"ልጄ፣ ትንሽ ወደ መስኮቱ ዞር ትይልኛለሽ?" አላት።

ራሷ ዞረች። እንዲያ ያለ ፎቶ በምድር ላይ ተነስቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት የሚደነግጥ ልጅ የለም፤ ሁለቴ የሚነሳ ፎቶም የለም፤ እናቶችም ልጆቻቸውን ብቻቸውን ይልካሉ።

ይህን ሁሉ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ወረፋ ለሚጠብቁት ስተርክ ልጅቷ የቀሩትን የፎቶዋን ቅጂዎች ልትወስድ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማች።

"መምህርቷ ያን ቀን አልነበሩም" አለች ቀስ ብላ። "ክርክርም አልነበረም። እኔ 'አይንኩኝ' አልኩ። እሳቸው እጃቸውን ሰበሰቡና 'ይቅርታ ልጄ' አሉኝ። በቃ።"