የደረሱና ያልደረሱ፦ የአቶ ቀናው በዛብህ ዜና ሕይወት

አቶ ቀናው በዛብህ ከአባታቸው ከሐዲድ ጠጋኙ ከአቶ በዛብህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዙፋን በ1923 ዓ.ም. አቃቂ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ከደገሙ በኋላ፣ አማርኛውን በሚገባ፣ ፈረንሳይኛውንም ለዕቃ መላኪያ ወረቀት በሚበቃ መጠን ተምረው፣ በሃያ አንድ ዓመታቸው በዚያው ጣቢያ የመጋዘን ጸሐፊ ሆነው ተቀጠሩ።

በሥራ ዘመናቸው ሁሉ በእያንዳንዱ ሣጥንና ጆንያ ላይ የላኪውንና የተቀባዩን ስም፣ ከሥሩም «ደርሷል» ወይም «አልደረሰም» የሚል ቃል የጻፉበትን ቁራጭ ካርቶን ሳያስሩ ቤታቸው ገብተው አያውቁም። ማረጋገጫ ወረቀት ያልመጣለት ዕቃ ደረሰም ጠፋም አይባልም የሚለውን የመጋዘን ሕግ ግን እስከ ጓዳቸው ይዘውት ስለገቡ ቤተሰቡ አበሳውን አይቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አቶ ቀናው ሞኝ አልነበሩም፣ ነገር ግን ከወረቀት ጋር ብዙ ኖረው ጠባዩን ወረሱ።

በ1948 ዓ.ም. ከወይዘሮ አስካለማርያም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው የሺሐረግን፣ ብዙወርቅንና በቀለን አፈሩ። በ1980 ዓ.ም. የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በቀለ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በአፈሳ ተይዞ፣ አባቱ ቆመው እያዩ ከአቃቂ ጣቢያ በባቡር ወደ ማሠልጠኛ ተወሰደ። ሁለት ደብዳቤ ጽፎ ድምፁ ጠፋ።

ጦርነቱ በ1983 ዓ.ም. ሲያበቃ አብሮት የዘመተው የጎረቤት ልጅ ኦላና ተመልሶ፣ በቀለ ሲወድቅ በዓይኑ ማየቱን ነገራቸው። ዘመድ ተሰብስቦ ለእናትየው መርዶ እናርዳ ቢል አቶ ቀናው፣ «ሲወድቅ አየ እንጂ ሲቀበር አላየም፤ ወረቀቱን አምጡ» ብለው ሁላችንንም ከደጅ መለሱን። ስለዚህም ወይዘሮ አስካለማርያም ድንኳን ሳይተከልላቸው፣ ነጠላቸውን ሳያዘቀዝቁ፣ ልጄን ብለው ሳይጮኹ ዓመታት ተቆጠሩ። ይህን የሚያነበው ታናሽ ወንድማቸው ስለዚህ ጉዳይ ያልላከባቸው ሽማግሌ፣ ያላመጣባቸው የንስሐ አባት አልነበረም፤ ሁሉም ሻያቸውን ጠጥተው ተሸንፈው ወጡ።

በ1986 ዓ.ም. ባዶ የቀረውን የጣቢያውን መጋዘን ለአካባቢው የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም ለማድረግ ተነሡ። ሁለት ዓመት ደጅ ጠንተው ቁልፉን ከተረከቡ በኋላ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ዐውደ ርእይ እያዘጋጁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜም እናቶችንና የቀድሞ ተዋጊዎችን ጋብዘው ለተማሪዎች እያስነገሩ ቆዩ። ለጉብኝት የመጡ ሹማምንት የጀግናው ፎቶግራፍ ከጠላቱ ተለይቶ ይሰቀል ቢሏቸው፣ መጋዘን ወገን አይጠይቅም ብለው፣ መርዶው ለቤተሰቡ የደረሰውን ተዋጊ ፎቶግራፍ በቀኝ ግድግዳ፣ ያልደረሰውን በግራ ሰቀሉ። ሹማምንቱም ተቆጥተው የጣራውን ማደሻ ከለከሏቸው።

በተቃራኒው ወገን የተሰለፈ ልጃቸውን ያጡት ወይዘሮ ዳሲቱ ጀቤሳ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀኙ ግድግዳ ሥር አልቅሰው፣ ቀለል ብሏቸው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። ወይዘሮ አስካለማርያምም አጠገባቸው ተቀምጠው በሰው ልጅ ያለቅሱ ነበር፤ የራሳቸው ልጅ ፎቶግራፍ በቀኝም በግራም አልነበረምና። የአንድ አገር እናት የሚያስተዛዝን ሰው የገዛ ሚስቱን እንዴት እንዲህ ያደርጋል ብለን ብንጠይቅ፣ አቶ ቀናው መነጽራቸውን ወልውለው የተንጋደደ ፎቶግራፍ ያቃኑ ነበር።

ባለፈው ክረምት ያ ያልታደሰ ጣራ ሲያፈስ፣ ልጆቻቸው ይቅርብዎ እያሏቸው፣ ፎቶግራፎቹን በሸራ ሲሸፍኑ በዝናብ ውለው ሳል ያዛቸው። ሐኪም ቤት እስከ ቅዳሜ አልሄድም ብለው ሕመሙ ከጠናባቸው በኋላ ቢሄዱም፣ ባለፈው ማክሰኞ በተወለዱ በ76 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ የበቀለ ፎቶግራፍ ካርቶን ታስሮበት ተገኘ። «ላኪ፦ አባቱ። ተቀባይ፦ እናቱ» ይላል፤ የመጨረሻው መሥመር ባዶ ነው። በጀርባው፣ «ኦላና እውነቱን ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቄዋለሁ፤ እጄ ግን መጻፍ እንቢ አለኝ። አስካለ ታስጽፈው» የሚል ቃል አለበት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ወረቀት አምጡ ሲሉን፣ ለካ ወረቀቱን የያዙት እሳቸው ነበሩ። ወንድምየው በሬሣ ላይ መቆጣት ነውር መሆኑን ያውቃል፤ ግን ተቆጥቷል፣ አልቅሷልም።

ወይዘሮ አስካለማርያም ትናንት ረፋድ ላይ ካርቶኑን ተቀብለው፣ የሺሐረግን ብዕር አስነሥተው «ደርሷል» አስጻፏት። ፎቶግራፉንም የፊታችን ቅዳሜ በገዛ እጃቸው በቀኙ ግድግዳ ይሰቅሉታል።

እንግዲህ ከአቶ ቀናው የቀሩት ባለቤታቸው፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ይህ ወንድማቸው ናቸው። በቀለ ቀናው ከቀሩት መሀል አይቆጠርም። ወደ ሳሪስ አቦ ለአንድ ሰው ቀብር የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች ለሁለት ሰው አልቅሱልን፤ እናትየው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እግዚአብሔር አባትን ከልጁ ጋር ያገናኝልን፤ የሁለቱንም ነፍስ በቸርነቱ ያሳርፍልን። አሜን።