ስሱ ፖስታ

ይህን ከሁለት ሰው በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም ሳወራችሁ ፊቴ እየጋለ ነው። ሻርጃ አንድ ክሊኒክ ውስጥ መዝጋቢ ሳለሁ፣ በረኪና እጃቸውን ያቆሰላቸው የቤት ሠራተኞች ላይ አዲስ ቅባት ከነባሩ ጋር ይነጻጸር ነበር። ማን የትኛውን እንደምትወስድ የሚለየው በዕጣ ነው። ዕጣው በታሸጉ ፖስታዎች ውስጥ በተራ ቁጥር ተቀምጧል፤ ከፋቿ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ዱባይ፣ ዲራ ሰፈር አንድ ክፍል የምንጋራው የወሎዋ ዘይነብ ተራዋ ደረሰ። ፖስታዋን ወደ መስኮቱ ባነሳው ውስጡ ታየኝ፤ «ነባሩ» ይላል። የሚቀጥለው «አዲሱ» ይላል። ቀይሬ ሰጠኋት። ደስ ይላታል ብዬ ብነግራት፣ «ዋላሂ አንቺ ልጅ! የእቁባችንን ዕጣ የምናስወጣሽ አምነንሽ አይደል? ከኋላዬ የነበረችውስ እጇ አያማትም?» ብላ ተቆጣችኝ።

በማግስቱ መባረሬን እያሰብኩ ጥናቱን ለምትመራው ሕንዳዊት ዶክተር ተናዘዝኩ። አንዱን ፖስታ ወደ መስኮቱ አነሳችና አየችው። «አዲሱ ይሻል እንደሆነ እኮ እኔም አላውቅም። ባውቅ ዕጣ ለምን አስፈለገኝ?» አለች። ከዚያ የሁለቱ ሴቶች ዕጣ መቀያየሩን መዝገቡ ላይ ጻፈች፤ ከሥሩም «ስስ ፖስታ የመረጥኩት እኔ ነኝ» ብላ ፈረመችበት። ስሜን አላነሳችም፤ እግዜር ይስጣት። የቀሩትን ፖስታዎች ውስጣቸውን በፎይል ሸፍነን ስንጨርስ፣ እንባዬን እንዳላየች ሆና መልሳ እጄ ላይ አኖረቻቸው። «ያላ፣ ቀጣይዋን ጥሪ» አለችኝ።