ለሰርግ የተዋሱት ሱፍ

ካሮልተን ከተማ ካለው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በአዳራሹ ውስጥ፣ የእሑዱ ምሳ እየተገባደደ ነበር። የሸዋረገድ ልጅ ሔራን የአብራሪነት ፈቃዷን በማግኘቷ ጉባኤው ጠዋት አጨብጭቦላት፣ ከሰዓት ኬክ ቆርሶላታል። አሁን ከእናቷ ጀርባ ባለው ጠረጴዛ ተቀምጣ አንድ ትከሻ ሰፊ ሰው ያወራታል። ሰውየው የአንዲት ትልቅ አየር መንገድ ፓይለት ነው። የሚመክራትም ቀደም ሲል ይሠራባት ወደነበረችው ትንሽ አየር መንገድ እንድትገባ፣ ሌላ ድርጅት ለሐሙስ የጠራትን ኢንተርቪው ደግሞ እንድትተው ነው። "እዚያ ከገባሽ ትልቋ ራሷ መጥታ ትወስድሻለች" ይላታል። ሔራን የትንሿን ድርጅት ገጽ ስልኳ ላይ ከፍታ፣ አውራ ጣቷን "እቀበላለሁ" ከሚለው ቃል በላይ አንጠልጥላለች።

በየነ ይህን ሰማ። እሱም ፓይለት ነው፤ እስከ ዛሬ ያለው በዚያችው በትንሿ ድርጅት ነው። የኬክ ሳህኑን አንሥቶ፣ ባዶ ወንበሮችን ሁሉ አልፎ፣ ሸዋረገድ አጠገብ ከዚያ ሰውዬ ጀርባ በክንድ ርቀት ተቀመጠ። ድምፁንም ለሁለት ሰው ከሚበቃው ትንሽ ከፍ አደረገው።

"እንዴት ነሽ ሸዋዬ! የሰሞኑ በረዶ መኪናሽን አልነካውም? እኛ ሌዊስቪል ለመኪና ጣራ የለን፤ ውጪ ነው ፓርክ የማደርገው። ኮፈኑ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቶልሻል! ግን ታውቂያለሽ፣ በረዶን አልቀየመውም። ሲመጣ ጣራ እያንኳኳ ነው። ወንድምህ ነኝ ብሎ ቤትሽ ገብቶ፣ ራትሽን በልቶ፣ ጸልዮልሽ... ከዚያ አይመታሽም። አይደል?

"ኬኩን የጋገረችው ሮማነወርቅ ናት? እጇ ይባረክ። ሶ... ሔራንዬ ፓይለት ሆነች! ትናንት እኮ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ወንበር ላይ ቆማ መዝሙር የምትዘምር ልጅ ነበረች። አንቺስ፣ የሆስፒታሉን የሌሊት ፈረቃ እየሠራሽ ያሳደግሻት፣ ደስ አይልሽም? እንኳን ደስ ያለሽ። ደግሞ ወዲያው መካሪ ማግኘቷ! ዞር ብለሽ አትዪ፣ ይብላበት። እሱን አይደለም ያልኩት፤ ማለቴ፣ በጠቅላላው ስለ መካሪ ነው የማወራው።

"እኔም በጊዜዬ አንድ መካሪ ነበረኝ። ስሙን አልጠራም። ደግ ሰው ስሙ ሲነሣበት ያፍራል፤ ቃሉም ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ነው የሚለው። የእኔ መካሪ ደግሞ ቃሉን ቃል በቃል የሚጠብቅ ነበር። ግራ እጁ ትከሻዬን ጫን አድርጎ 'ቁጭ በል' ሲለኝ፣ ቀኝ እጁ ምን እየጻፈ እንደሆነ በጭራሽ አያውቅም ነበር... ምስኪን።

"ያኔ ለትንሿ ድርጅት አዲስ ፓይለት ይመለምል ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሬ፣ እዚህ መጥቼ ታክሲ እየነዳሁ በረራ መማሬን ስነግረው ዓይኑ እንባ ሞላ። አንዳንድ ሰው እንባው ቅርብ ነው፤ እንደ ቧንቧ፣ ሲፈልግ ይከፍተዋል። 'በየነ' አለኝ፣ 'አንተ ብቻ ግባ። ከዚያ በኋላ ወረፋ ነው። ወረፋህ ሲደርስ ትልቋ አየር መንገድ ያለ ኢንተርቪው ትወስድሃለች።' ውሸት ተናገረ እላለሁ? ኧረ አፌን ይቆርጠው! ወረፋማ አለ። እንዲያውም ከወረፋ በቀር ምንም የለም።"

በየነ ከኬኩ ቆንጠር አድርጎ ቀመሰ። ከጀርባው ያለው ሰው ለሔራን የጀመረው ወሬ መሐል ላይ ቀጠነ። ሸዋረገድ ሹካዋን አስቀመጠች።

"ከዚያ ያ የሚገርም ጊዜ መጣ። ትልልቆቹ ፓይለት አጥተው ከመንገድ የሚለቅሙበት ጊዜ። ከትልልቆቹ አንዷ እኔን ኢንተርቪው ጠራችኝ። ሱፍ ገዛሁ፤ ጥቁር ሱፍ፣ በሕይወቴ እንደሱ ያለ ልብስ ለብሼ አላውቅም። ከግራ እጅጌዋ አንድ ቁልፍ ወልቆ፣ አበዛሽ ጥቁር ክር አጥታ በቡኒ ክር ተከለችልኝ። ሚስቴን ታውቂያት የለ፣ ካገኘችው ጋር ነው የምትሰፋው። እኔ ደግሞ ያለ ምክር የማልንቀሳቀስ ሰው ነኝ፤ ሮጬ መካሪዬ ጋ ሄድኩ።

"'ወንድሜ፣ ልብህ ወላወለ?' አለኝ። 'የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ወረፋህ ደጅ ደርሶ ሌላ ቦታ አፕላይ ማድረግ እኮ እምነት ማጣት ነው።' ጭንቅላቴ ላይ እጁን ጭኖ ጸለየልኝ። ከባድ እጅ ነበረው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቀና አላልኩም። እኔም ኮል አድርጌ ኢንተርቪውን ሰረዝኩ።

"በሳምንቱ ቤት መጣ። 'ያቺን ሱፍ አንተ አሁን አትፈልጋትም፤ የዘመድ ሰርግ አለብኝ' አለ። እኛ ሐበሾች መቼ ነው ለሰርግና ለለቅሶ የተጠየቀ ልብስ የከለከልነው? አበዛሽ ራሷ ተኩሳ ሰጠችው። መርቃም ሸኘችው።

"ሰርጉ ደግሞ እንዴት ደመቀ መሰለሽ! ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አየሁት። ሙሽሪት የለችም እንጂ ሌላው ሁሉ ሙሉ ነው። ከኋላው የትልቋ አየር መንገድ ስም፣ ከሥሩ 'ጌታ ታማኝ ነው' የሚል ጽሑፍ... እጁን እንዲህ ለምስጋና ሲያነሣ፣ እጅጌው ላይ የአበዛሽ ቡኒ ክር! ለካ ሙሽራው ራሱ ነበር። ትሑት ሰው እኮ ነው፤ 'ሰርግ አለብኝ' ሲለን የራሱ መሆኑን ደበቀን። ሚዜ እንኳ አላደረገኝም፣ እንዳልደክም አስቦ።"

ከኋላ ያለው ሰው የግራ እጅጌውን ወደ አንጓው ሳበ። መሳቡን ራሱም ያወቀው አይመስልም። በየነ ግን አየው፤ ፈገግታውን በናፕኪን ጠረገ።

"ተቀየምክ ወይ ትይኝ ይሆናል። ለምን ብዬ? ሱፌ ትልቋ አየር መንገድ ገብታለች። ከቤታችን አንዳችን መግባታችን ቀላል ነገር ነው? አንዳንዴማ ኢንተርቪውን ያለፈችው ራሷ ሱፏ ትሆን ወይ እላለሁ። በሰው ልብስ አያጌጡም የሚሉት እሱን ስላላዩት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ደግሞ ለእኔ ቢጤ ነው የተተረተው፤ ብልህ ሰው ሌላውን አስፈስሶ ነው የሚለቅመው።

"ሱፏንም አላስቀረብኝም። ላውንደሪ አሳጥቦ፣ በላስቲክ አስጠቅልሎ መለሳት። ቁልፏን ብታዪ... በጥቁር ክር አስተክሎልኛል! ቡኒው ክር የለም። አየሽ ጥንቃቄውን? የሰው ስፌት ስሕተት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። እንዲህ ያለ ጽዱ ሰው የት ይገኛል?

"እኔማ ምን ጎደለኝ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ፣ የእኔም እንቁላል እግር አወጣ። በትንሿ አውሮፕላን ላበክ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ቴክሳርካና ይሄዳል፣ ይመለሳል። ኤርፖርት ስንገናኝ መካሪዬ ከትልቁ አውሮፕላን ወርዶ 'ወረፋህ እንዴት ነው?' ይለኛል። ዘንድሮ ትልልቆቹ መቅጠሩን ቀዝቀዝ አድርገውታል፤ ወረፋው የት እንደቆመ እኔም አላውቅ። መጠየቁ ግን አንጀቴን ይበላኛል። ስንቱ ነው እላይ ወጥቶ መሰላሉን ከየት እንዳገኘው የሚያስታውስ?"

ሔራን አማርኛው ሲረዝም የሚያመልጣት ልጅ ናት፤ ይኼ ግን አላመለጣትም። ሰውየውን አየች፣ እጅጌውን አየች።

"እና የሔራን ነገር... እኔ ምን አገባኝ? ሐሙስ ኢንተርቪው አላት አሉ። ትሂድም አልልሽ፣ ትቅርም አልልሽ። እኔ ከቀሩት ነኝ፤ የቀረ ሰው ምክር ለማን ይረባል? የሄደ ሰው ነው የሚጠየቅ። ብቻ ስትጠይቂው አፉን አትጠይቂ፤ አፉ ብዙ ጸሎት አለበት፣ ሥራ ይበዛበታል። እግሩን ጠይቂው። እግሩ በየት በኩል ነው የሄደው? በወረፋው ነው... ወይስ በኢንተርቪው? እግር ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም። ጃኬቷ ቁልፍ ከጎደለውም አበዛሽ አለች። በቡኒ ክር ትተክልላታለች፣ ማን እንደለበሰው እንዲታወቅ።"

ሔራን "እቀበላለሁ" የሚለውን ሳትጫን ስልኳን አጥፍታ፣ በግንባሩ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። በየነም ያን ጊዜ ብድግ አለ፤ ሳህኑን አስቀምጦ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። በዚህ አዳራሽ እጅ ተዘርግቶ ሲመረቅ ያላየ የለም፤ ወሬው ጸጥ አለ፣ የሚበላው መብላቱን ተወ፣ ራሶች ሁሉ ዝቅ አሉ።

"መካሪዎቻችንን ጌታ ይባርክ! ያቺ የመካሪዬ የበኩር ልጅም፣ ሩሐማችን፣ ዴንተን ከተማ በረራ መማር ጀምራለች አሉ፤ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! እንግዲህ እኔ ብድር መመለስ አልችልም፣ ጌታ ግን ይችላል። ጌታ ሆይ፣ በመንገዷ ሁሉ ልክ እንደ አባቷ ያለ ሰው አቁምላት! አባቷ ለሰው ልጅ ያደረገውን፣ ሳታጎድል፣ አንድ ቁልፍ እንኳ ሳታጎድል፣ ሰው ለእሷ ያድርግላት!"

"አሜን!" አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። ሸዋረገድም አለች፣ ሔራንም አለች። በምርቃት ሁሉ ከሰው ቀድሞ አሜን የሚለው ያ ትከሻ ሰፊ ሰው ብቻ፣ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

በየነ ጎንበስ ብሎ እጁን በፍቅር ትከሻው ላይ አሳረፈ።

"አሜን በል እንጂ ወንድሜ... ለልጅህ እኮ ነው።"