ሻምሲ የበላችው ግድግዳ

በእኛ ጊዜ ግድግዳ ይበላ ነበር። ምን ያስቃችኋል? የኔ ግድግዳ ተበልቷል እኮ! ጃንሆይ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው ነው፣ እዚሁ አሰላ፣ ትራክተር ገና ብርቅ ነው፣ እና እኔ አዲስ ቤት ሠርቼ፣ በነጭ አፈር አስመርጌ፣ ጠዋት ጠዋት ደረቴን ነፍቼ የማየው ሰውዬ ነበርኩ። ታዲያ አንድ ቀን ዞር ብዬ ሳይ የጓሮው ግድግዳ ተቦርቡሯል። ፍየል ነው አልኩ። አድፍጬ ብጠብቅ፣ የጎረቤቴ የጀማል ሚስት! ሻምሲ! በአንድ እጇ ሆዷን ይዛ፣ በሌላው ግድግዳዬን እየፈረፈረች፣ ዓይኗን ጨፍና ትቆረጥማለች።

«አንቺ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ሆዴ ሌላ ነገር አልቀበል አለኝ።»

«የራስሽን ቤት አትበይም?»

«ቀምሼዋለሁ። እንደ እርስዎ ቤት አይጥምም።»

አያችሁ? ሙያዬ ሲመሰገን ትንሽ ደስ አለኝ፣ ግን ክረምቱ እየመጣ ነው፣ ቤቴ ሊወድቅ ነው፣ እና ጮህኩባት። «አንቺ ፍየል!» አልኳት።

ወይ ጣጣ! አርሲ ላይ ነፍሰ ጡር መስደብ ቀልድ ነው እንዴ? በማግስቱ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምታስይዛትን በትር፣ እየዘፈኑ መጥተው ግቢዬን ሞሉት። ተቀመጡ። አይነሱም! ሲንቄ የያዘችን ሴት ማን ደፍሮ ይነካል? አዴ ፋጡማ የሚባሉ ትልቅ ሴት ናቸው የመሯቸው።

«ሁለቴ አስወርዷታል» አሉኝ። «ይኸኛውም ሊሄድባት ነው። አንተ ጭቃ ትሰስታለህ?»

ይህን አላውቅም ነበር። ታዲያ እሳቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? «እስቲ እንየው» ብለው ከግድግዳዬ ቆረስ አድርገው ቀመሱ። ሌላዋም ቀመሰች። «ጨው ያንሰዋል» አለች አንዷ። ኧረ በሕግ አምላክ!

ፈረዱብኝ። እስክትወልድ ከግድግዳው ከልካይ የለባትም። ለስድቡ ደግሞ ጠዋት ማታ የላሜን ወተት ላደርስላት። እና አደርሳለሁ። «ጠጪ» እላታለሁ፣ እስክትጨርስ ቆሜ አያለሁ፣ እሷም ግድግዳዬን በወተቴ ታወራርዳለች። ውሎ አድሮ ፊቷ ወዛ፣ ሆዷ ገፋ፣ እኔም ልቤ እዚያው ቀረ። ዝናብ ሲመጣ ሮጬ ግድግዳውን በቆርቆሮ እከልላለሁ።

«ለቤታችን አዝነህ ነው?» ትለኛለች ሚስቴ።

«ዝም በይ፣ ምሳዋ ይረጥባል!»

ሐምሌ ላይ ግድግዳው ወደቀ። በዚያው ሰሞን ሻምሲ ወለደች፣ የልጁም ለቅሶ በወደቀው በኩል ጥርት ብሎ ገባልኝ። አለቀስኩ። አልደብቃችሁም፣ ተንሰቅስቄ ነው ያለቀስኩት።

ይኸው ነው ከድር፣ እዚህ የተቀመጠው። ጠጉሩ ሸብቷል፣ ግን ጥርሱን እዩት፣ አንድ አልጎደለም! ከበቅሎ ወደቀ ሲሉን ሮጠን ብንደርስ፣ ያነከሰችው በቅሎዋ ናት። እኔ ግን ዘንድሮ ከደጃፌ ተንሸራትቼ ዳሌዬ ተሰበረ። ማን አዝሎኝ ሐኪም ቤት ደረሰ? ከድር! ጀርባው ላይ ሆኜ፣ በዚያ ሁሉ ሥቃይ፣ «ግድግዳዬ ተሸከመኝ» እያልኩ እስቅ ነበር።

ታዲያ ይቺ ነርስነት የምትማረው የልጅ ልጄ ምን ትለኛለች? «አባባ፣ የሰው ጤና በእናቱ ማህፀን ነው የሚጀምረው። እናት ያኔ ያጣችው ልጁ ሲያረጅ ሊወጣበት ይችላል።»

«እንዲያ ከሆነ ዳሌዬ የተሰበረው የእናቴ ጎረቤት ቤቱን ስላላስመረገ ነዋ» አልኳት።

«አፈሩ አይደለም አባባ! አፈርማ ይጎዳል። ከጠቀማት ወተቱ ነው የጠቀማት።»

«እሺ፣ ወተቱ ይሁን። ላሟስ የማን ነበረች?»

ሃ ሃ ሃ! በል ከድር፣ ና አንሳኝ፣ ፀሐይዋ ሸሸችኝ።