ሰርግ መስሏችሁ ወጣችሁ

የጎርፍ ማስጠንቀቂያውን ነፍተው ነፍተው አንድ ሰው እንኳ ደጁን አለመክፈቱን ባዩ ጊዜ፣ ውሃው ጉልበታቸው ላይ ደርሶ ሳለ፣ ጥሩምባቸውን አቃንተው ዜማውን ወደ ሰርግ ለወጡት። ያኔ ወጣችሁ። «ጥሩምባው፣ ዛሬ ደግሞ ማን አገባ?» እያላችሁ፣ «ሙሽራዋ ዋናተኛ መሆን አለባት» እየተባባላችሁ፣ ልጆቻችሁን በትከሻ ተሸክማችሁ እስከ ላይኛው መንገድ ተከተላችኋቸው። የወንዙ ዳር ግንብ የተናደው ከኋላችሁ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እሳቸው ግን እያሳሳቁ ከውሃ አወጧችሁ።

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ጥሩምባው እያልን የምንጠራቸው ወንድማችን ከቧንቧ ሠራተኛ አባታቸውና በዚያው ወንዝ የሰው ልብስ እያጠቡ ልጆቻቸውን ካሳደጉ እናታቸው የተወለዱ ሲሆን፣ በሕፃንነታቸው አባታቸው ቆርጠው የጣሉትን ቧንቧ እያነሡ እየነፉ ቤቱን ሲያውኩ፣ እናታቸው «ይህ ልጅ ወይ የሱ ሳንባ ይፈነዳል፣ ወይ የኔ ጆሮ» ይሉ ነበር። ትምህርት ቤት ገብተው እንደ እኩዮቻቸው ቢማሩም ልባቸው ከትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ ጋር ስለነበረ፣ ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ በሆቴል ሙዚቀኛነት ተቀጥረው ለብዙ ዘመን ሠርተዋል። በዚያው ሆቴል መጋረጃ ሊሰፉ ከመጡት ልብስ ሰፊ ጋር ተዋውቀው፣ ትዳር መሥርተው፣ ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል።

ወንዙ በበጋ ድንጋዩ እስኪያገጥጥ እየደረቀ፣ ዝናቡ ደግሞ ጊዜውን ስቶ ሲመጣ የወራቱን ሁሉ በአንድ ቀን እያወረደው መሆኑን ከሁላችን ቀድመው ያስተዋሉት እሳቸው ናቸው። እናታቸው ተንበርክከው ያጠቡበት ድንጋይ አንዴ በአቧራ፣ አንዴ በደራሽ ሲዋጥ አይተው ዝም ማለት አልሆነላቸውም። የሆቴሉን ሥራ ትተው፣ ስለ አየሩ መለወጥና ስለ ወንዙ ዘፈን ሠርተው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየገበያው፣ በአውቶቡስ መናኸሪያው እየዞሩ ተጫወቱት። ዘፈኑን ወደዳችሁት። ጨፈራችሁበት! ቃሉን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አላችሁት። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ትልቅ ስብሰባ በተደረገ ጊዜም ተጠርተው ነበር፤ የተጠሩት ግን ለሻይ ዕረፍቱ ስለነበረ፣ ተሰብሳቢው ብስኩቱን እያኘከ ሲያወራ ነፍተው ወጡ። ታላቅ ወንድማቸው አናጢው «ትንፋሽህን ለማን ታባክናለህ?» ቢሏቸው፣ «ጆሮ እስኪያበቅሉ ነዋ፣ ጋሼ» ብለው ሣቁ። አናጢው አልሣቁም።

አምና የሰፈሩ ሊቀመንበር በወንዙ ዳር አዳራሽ ይሠራል ብለው ዛፎቹን ሲያስቆርጡ፣ ጥሩምባው ከመጋዙ ፊት ቆመው ነፉ፤ ሥሩ ከተነቀለ ዳሩ አይቆምም ብለው ለመኑ። ዘበኞቹ በኮሌታቸው ጎትተው አወጧቸው። ከእናንተ መሐል እጁን የዘረጋላቸው አልነበረም፤ ስልኩን ዘርግቶ የቀረጸ ግን ሞልቶ ነበር። ያ ግንብ የተናደውም እዚያው፣ ዛፎቹ በነበሩበት ነው።

እናንተን ካወጡ በኋላ፣ በመጨረሻዋ ቤት ከአልጋ መነሣት የማይችሉ አሮጊት መኖራቸውን አስታውሰው ተመለሱ። እስከ ደረታቸው ውሃ ገብተው፣ ከወንድማቸው ጋር የቤቱን መዝጊያ ነቅለው፣ አሮጊቷን በላዩ አስተኝተው አወጧቸው። እናንተ ላይ ቆማችሁ ታዩ ነበር። ብርዱ ሳንባቸው ገባ። ሐኪሞቹ የሳንባ ምች ነው ብለው የተቻላቸውን ቢያደርጉም፣ ያን ያህል ዘመን ሲነፋ የኖረው ሳንባ አልችል ብሎ፣ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ታላቅ ወንድማቸውን ትተዋል። እናንተንም ትተዋል፤ ከነሕይወታችሁ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሰሚ ካለበት ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ጆሮ ይስጠን።

ዓይናቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የከደኑ ዕለት፣ ሊቀመንበሩ አበባ ይዘው፣ ፎቶ አንሺ አስከትለው ሆስፒታል መጥተው ነበር። ወንድማቸው ራስጌው ላይ ቆመው እያንዳንዱን ቃል ሰምተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ጥሩምባውን ያናገራቸው ስለሌለ፣ በዚህ ዓለም የሰሙት የመጨረሻ ቃል ያ ነው። ሊቀመንበሩ እጃቸውን ጨብጠው፣ ፊታቸውን ግን ወደ ካሜራው መልሰው እንዲህ አሏቸው፦

«አይዞዎት፣ ቶሎ ይሻልዎታል። አዳራሹ ሲመረቅ እርስዎ ነዎት የሚነፉልን፤ ብቻ ደስ የሚል ነገር ይምረጡልን።»